የባጃጅ ነገር

ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ሐዋሳ፣ ሰፈራችን ውስጥ ስለ ባጃጅ እንቅስቃሴ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የቀረበው ሐሳብ ባጃጆች ከዋናው አስፋልት ወጥተው በውስጥ ለውስጥ መንገዶች ብቻ እንዲሠሩ የሚል ሲሆን፣ ምክንያቱም መጨናነቅና አደጋ ነው ተባለ። በእሑድ ምሽት ከገብርኤል ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ ለማቋረጥ የሞከረ ሰው ይህን ምክንያት በቀላሉ አይንቀውም፤ እኔም አልናቅሁትም።

ነገር ግን ከአሞራ ገደል ዓሣ እያመጡ የሚሸጡ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ አስፋልቱ ከተከለከለ ሁለት ጊዜ ልሳፈር ነው፤ የሁለተኛውን ሒሳብ ማን ይከፍልልኛል?» ሲሉ አዳራሹ ጸጥ አለ። መድረክ ላይ የነበሩት «አስተያየትዎን ይዘናል» ብለው አለፉ። (በእኛ ስብሰባ ይህ ሐረግ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።)

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የውሳኔው አካሄድ ነው። ከንቲባን የሚሾመው፣ በጀትንም የሚያጸድቀው የከተማ ምክር ቤት ሆኖ ሳለ፣ የሺዎችን እንጀራ የሚነካ ክልከላ በመመሪያ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ የመረጥናቸው ተወካዮች የት ሆነው ሊከራከሩልን ነው? ይህን ስጠይቅ አንድ ተሰብሳቢ «ፖለቲካ አታድርገው» አሉኝ። መንገዱን ማን ይጠቀም፣ ማን ይከልከል ብሎ መወሰን ግን ሌላ ስም ያለው አይመስለኝም።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ፤ እኔም ወደ ቤቴ የተመለስኩት በባጃጅ፣ ያውም በአስፋልቱ ላይ ነው።