የስም መጥሪያው ሲነበብ

ዛሬ የተማሪዎች የስም መጥሪያ ሲገላበጥ ተዋለ። የቀሪውን ምልክት ደምሮ መዝጋት ቀላል ነው፤ ወሬው ያለው ግን ምልክቱ ያረፈበት ቀን ላይ ነው።

በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን የምትጠፋ ልጅ ካለች፣ የወር አበባ ሕመም ወይም የንጽህና መጠበቂያ እጦት ሊሆን ይችላል። በሴት መምህር በኩል፣ ለብቻዋ ትጠየቅ። ወንድምና እህት በአንድ ቀን ከቀሩ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ታላቂቱ ብቻ ከቀረች ደግሞ ምናልባት የታመመ ሕፃን እየጠበቀች ነው፤ እሷ ራሷ ጤነኛ ናት።

አስም ያታልላል። ልጁ ሌሊቱን ሲያስል አድሮ ጠዋት ደህና ይመስላል፣ ግን አልተኛም። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት የሚረዝም እንቅልፍ ይፈልጋል። የሚነፋውን ማስታገሻ በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ከተጠቀመ በሽታው በቁጥጥር ሥር አይደለም፤ ሐኪም ይየው።

ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ቤት ይዋል፤ የሚመለሰው ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ሳያተኩሰው ሲቆይ ነው። ጠዋት ፓራሲታሞል ውጦ የተላከ ልጅ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠረጴዛ ላይ ይደፋል (ያውም አጠገቡ ያለውን አስይዞ)።

በወር 2 ቀን ምንም አይመስልም። በ9 ወር 18 ቀን ነው፤ ከ180 የትምህርት ቀን 10 በመቶ።

ወላጅ ጋ ተደውሎ «ለምን ቀረ?» ከተባለ መልሱ ሁሌም «አሞት ነው»። «ማታ ስንት ሰዓት ተኛ? ጠዋት ማን ቀሰቀሰው?» ሲባል ግን ጨዋታው ይከፈታል።