የእናቴን ስኳር የጻፍኩበት ደብተር

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ በመጀመሪያ በራሴ፣ ቀጥሎ «ራሳችሁ ሞክራችሁ አረጋግጡ» እያሉ በሚመክሩ ሰዎች። አምና ጥር ላይ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ከዚህ በታች ያለውን ቢነግረኝ ኖሮ እናቴ ከፋሲካ በኋላ ድንገተኛ ክፍል አትገባም ነበር።

እማዬ ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን ጠዋትና ማታ ትወስዳለች፤ የጠዋቱ ሆዷን ስለሚያውካት አትወደውም። የምንኖረው ግንፍሌ ነው። አንድ ቀን ፒያሳ ደርሳ ስትመለስ አንድ ማስታወቂያ ይዛ መጣች፦ የሽፈራው (ሞሪንጋ) ዱቄት፣ «ስኳርን በ50 በመቶ የሚቀንስ፣ በሳይንስ የተረጋገጠ»።

እኔ በዋዛ የምታለል ሰው አልነበርኩም። ስለ ሐሰተኛ መረጃ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስጃለሁ፤ የተማርኩትን በተራ በተራ አደረግኩ። ሱቁ ሄጄ ጥናቱን አሳየኝ አልኩት፤ ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው፣ ፎቶኮፒ ሰጠኝ። አነበብኩት፤ በአይጦች ላይ የተሠራ ነው። እናቴ አይጥ አይደለችም ብዬ ተውኩት። ወጪውን ማን እንደሸፈነ ፈለግኩ፤ አልተጻፈም። ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ማንም ይችለዋል።

ከዚያ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው መስኮት «ምግብ ነው መድኃኒት?» አለኝ። እሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁት አልኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላኩኝ። ባለሙያዋ ስብሰባ ላይ ናት፣ ሐሙስ ተመለሺ። ሐሙስ ሄድኩ፣ ማመልከቻ ጻፊ ተባልኩ። ጻፍኩ፣ ማኅተም የለውም ተባልኩ። ለገዛ እናቴ ጉዳይ ማኅተም ከየት ላምጣ? በመጨረሻ አንድ ሰውዬ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «የምዝገባ ቁጥር ካለው ችግር የለውም» ብሎ ሸኘኝ። ቁጥሩ ቆርቆሮው ላይ ነበረ። «ችግር የለውም» እና «ስኳር ይቀንሳል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሊነግረኝ ሩብ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ያን ሰው እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ወረቀቱን አላመንኩም፣ ሻጩን አላመንኩም፣ መሥሪያ ቤቱን አላመንኩም። ራሴን ግን አመንኩ። የእማዬን ስኳር እኔው እለካለሁ፣ ቁጥሩ ይፍረድ አልኩ።

ደብተር ገዛሁ። ጥርን ሙሉ በየቀኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አፏ ላይ ምንም ሳታደርግ፣ በአንድ የቤት ስኳር መለኪያ መሣሪያ ለካሁ። 209፣ 221፣ 198፣ 230 (ሚሊግራም በዴሲሊትር)። የወሩ አማካይ 214 ሆነ። ዱቄቱን ያስጀመርኳት ደመወዝ ወጥቶ፣ ቅበላ ካለፈ በኋላ ነው፤ አንድ ማንኪያ ሽሮዋ ላይ እየነሰነሰች። ሰዓቱን አልለወጥኩም፣ መሣሪያውን አልለወጥኩም፣ አንድም ቀን አልዘለልኩም። በዚህ እኮራ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ 170 ገባ። በአምስተኛው 148።

ቁልቁል የሚወርደውን መስመር በማስመሪያ ሣልኩት። ቡና ላይ ደብተሩን ለጎረቤት አሳየሁ፤ ሁለት ሴቶች በእኔ ቃል ገዙ። ይባስ ብዬ ደግሞ፣ ሜትፎርሚኑ በባዶ ሆዷ ሲሆን ያቅለሸልሻት ስለነበር፣ 148 ከገባች ምን ያደርግላታል ብዬ የጠዋቱን ኪኒን አስቆምኳት። እኔ ነኝ ያስቆምኳት። ሐኪም አልጠየቅኩም፤ ቁጥር በእጄ ነበራ!

ፋሲካ መጣ። ድፎ ዳቦው፣ ዶሮው፣ ጠላው፣ እንግዳው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ቁጥሩ 236 ሆነ፣ ከዚያ 287። ዱቄቱን አላስታጎለችም። ያኔ እንኳ ዱቄቱን አልጠረጠርኩም፤ ቆርቆሮው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አዲስ ገዛሁ። ሻጩ «ሰውነታቸው ለምዶት ነው፣ ሁለት ማንኪያ አድርጉላቸው» አለኝ፤ አደረግኩ። ራሴን ይቅር የማልላት በዚህች ነው። ውሃ ጥሙ ጠናባት፣ ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ትነሳ ጀመር። በዳግማዊ ትንሣኤ ሳምንት አንድ ማታ ስሜን ጠርታ የማን እንደሆነ የተምታታባት መሰለኝ። ስለካት መሣሪያው ቁጥር መስጠቱን ትቶ ከአቅሜ በላይ ነው የሚል ምልክት አወጣ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግሉኮሱ እየገባላት ነው እንዳይመስላችሁ፤ ፈሳሽና ኢንሱሊን ነው የተሰጣት። ሲነጋጋ ነፍሷ መለስ አለ። አንዲት ወጣት ሐኪም ደብተሬን ጠይቃኝ አገላበጠችው። እኔን ምንም ሳትለኝ ወደ እማዬ ዞረች።

«እማማ፣ ይጾማሉ እንዴ?»

«እንዴታ ልጄ።»

«ዐቢይ ጾምን ስንት ሰዓት ነበር የሚበሉት?»

«ከቅዳሴ መልስ ነዋ፣ ዘጠኝ ሰዓት።»

እስክሪብቶዋን ዱቄቱን ያስጀመርኩበት መስመር ላይ አሳረፈች። «ዱቄቱ የገባው እዚህ ጋ ነው። ጾሙስ የገባው መቼ ነው?» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ነበር።

ጥር ማለት ልደት ገና ሳይረሳ ጥምቀት፣ ከዚያ ሰርግ በሰርግ ላይ ነው፤ እማዬ በዚያ ወር አራት ሰርግ ቤት ውላለች። ከቅበላ በኋላ ደግሞ 55 ቀን በቀን አንዴ፣ ያለ ሥጋና ቅቤ እየበላች፣ ቅድስት ሥላሴ ድረስ በእግሯ ትመላለስ ነበር። ሰዓቱንና መሣሪያውን አንድ ዓይነት አድርጌ ጠበቅኩ እንጂ ኑሮዋ ሙሉ በሙሉ ተለውጦ ነበር። ደብተሬ የለካው ጾሙን ነው። ያንን ውጤት ለሽፈራው ጻፍኩለት፣ በዚያ ላይ ተመሥርቼ መድኃኒቷን ቀነስኩ፣ ጾሙ ሲወጣ ደግሞ እማዬ ያለ ጾሙም ያለ ጠዋቱ ኪኒንም ቀረች። ሃምሳ ዓመት አብራኝ የጾመች እናት አጠገቤ እያለች ይህን አለማየቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በአራተኛው ቀን ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየገባሁ ሌሎች «ለውጡን ያመጣው የቱ ነው?» የሚለውን ጥያቄ እንዴት እንደተወጡት አነብ ጀመር። ስኮትላንዳዊው የመርከብ ሐኪም ጄምስ ሊንድ በ1747 እ.ኤ.አ. ድዳቸው የሚደማ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ከፈላቸው፤ ምግባቸውና ማደሪያቸው አንድ፣ የሚጨመርላቸው ብቻ የተለያየ። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ቀድመው ተሻላቸው። ሰዎቹ አብረው እየበሉና እያደሩ ነው፤ ጾም ቢገባ ለሁሉም በገባ ነበር። እኔ የጎደለኝ ይኸው ነው።

የራሳችን ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ደግሞ ከዚህ ይቀርበኛል። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ሞተው ያሉ ቀንድ አውጣዎች አየ። ከላይ በኩል ያሉት ደህና ናቸው። ብዙ ሰው እዚያው ላይ «እንዶድ ገደላቸው» ብሎ ይሄዳል። እሱ ግን ከላይ በኩል ሕያዎቹን ለቅሞ አረፋው ውስጥ እንዲጨመሩ ጠየቀ፣ ሲሞቱ አየ፣ ከዚያም ወደ ላቦራቶሪ ወሰደው። የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን በእንዶድ መቆጣጠር ይቻላል የሚለው ሥራ ከዚያ ወጣ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። ይህን ሳነብ ኮራሁም፣ አፈርኩም።

እንግዲህ በሥልጠና ከሚሰጠው ምክር ጋር ብጋጭም የማምነውን ልናገር። «ምንጩን አረጋግጡ» የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን የለበትም፤ እኔ ምንጩን በሚገባ አረጋግጬ ነው የተሳሳትኩት። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ያልወሰዱትስ ምን ሆኑ?» ነው። ሁለተኛው «በዚያው ጊዜ ሌላ ምን ተለወጠ?»፤ ይህን ደግሞ የሚመልሰው ጥናት የሚያነብ ሰው ሳይሆን አብሮ የሚኖር ሰው ነው። እማዬን አንዴ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። «50 በመቶ» ሲሏችሁ ከስንት ላይ በሉ። በ1995 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ አንዳንድ የወሊድ መከላከያ ኪኒኖች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ ይጨምራሉ ተብሎ ብዙ ሴቶች በድንጋጤ አቋረጡ፤ እጥፉ ከ7,000 ሴቶች ከአንዷ ወደ ሁለት ነበር። የቤት መለኪያም ቢሆን ዳኛ አይደለም፤ የመሣሪያዎቹ ዓለም አቀፍ ደረጃ ራሱ፣ ስኳሩ ከ100 በላይ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከትክክለኛው 15 በመቶ ወዲያና ወዲህ ማለትን ይፈቅዳል። ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት የስኳር አማካይ የሚያሳየው የኤ ዋን ሲ (A1C) የደም ምርመራ አለ፤ የደብተር ሥዕል ከመሣሌ በፊት እሱን ማሠራት ነበረብኝ። ኪኒን ደግሞ በማንም ደብተር አይቀነስም፣ በፍጹም።

ዱቄቱን በእኔ ቃል የገዙት ጎረቤቶች ቤት ሄጄ ተሳስቻለሁ አልኳቸው። አንደኛዋ መረቁኝ። ሁለተኛዋ እትዬ ግን «ለኔ ሠርቶልኛል» ብለው እስካሁን ይወስዳሉ፤ ኪኒናቸውን ስላላቋረጡ ቢያንስ በዚያ ተጽናናሁ። ጳጉሜ ላይ ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። አሁን ደግሞ ጥቁር አዝሙድ ዘይት ጀምረው ስኳራቸው እንደወረደ፣ የልጃቸው ልጅም እንደጻፈላቸው ነገሩኝ፤ ደብተሩን አምጥተው ጭኔ ላይ አኖሩት።

«እትዬ፣ መቼ ነው የጀመሩት?» አልኳቸው።

ስኒውን ያዙና ትንሽ አሰቡ። «ፍልሰታ ሲገባ» አሉኝ።