ቴፑን ያጠፋሁበት ቦታ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ባባ። የደረሰብኝ ነገር የለም። ነሐሴ ሲጋመስ እንዲህ ያደርገኛል። ጉና ጭጋጉን ይለቅብናል፣ ዝናቡ ያካፋል፣ ቤቱ በቀን ይጨልማል። ሙልሙሉን ጋግሬ፣ በሰፌድ ደርድሬ፣ በሩ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ቡሄ ነው። የከተማችን ስምና የበዓሉ ስም አንድ ስለሆነ እኛ ደብረ ታቦሮች በዚህ ቀን ትንሽ እንኮራለን።

ልጆቹ ሲመሻሽ መጡ። ከላይ ከተራራው በኩል ጅራፍ ይጮሃል። እነሱ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ይዘፍናሉ። አንዱ ግን አልዘፈነም። ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ጋቢው ረጥቦ አንገቱ ላይ ተጠቅልሏል። ቀረብ ብሎ፣

«ቲቸር፣ ሴባስቶፖልን የጎተቱት ሰዎች ምሳ ምን በሉ?» አለኝ።

ስለዚያ የአጤ ቴዎድሮስ መድፍ የጻፍኩትን የልጆች መጽሐፍ ትምህርት ቤት አንብበውለት ይሆናል። «በሶ ይሆናል የኔ ልጅ» አልኩት።

«ይሆናል ነው?» አለ።

ሁለት ሙልሙል ሰጠሁት። መርቀውኝ ሄዱ። እኔ ግን በሩን ዘግቼ እንኳ አልገባሁም። ያቺ «ይሆናል ነው?» እዚያው ገተረችኝ።

ስለዚያ መድፍ የማውቀውን ቁጠሪ ብባል ሌሊቱ አይበቃኝም። ጋፋት እዚህ ቅርብ ነው፣ በእግሬ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። አውሮፓውያኑ ሚሲዮናውያን ከሀገሬው ሠራተኛ ጋር ሆነው የሠሩት እዚያ ነው። ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። አጤ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ይዘውት ተነሡ። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። መንገድ የሚባል ስላልነበረ ገደሉን እየናዱ፣ ጎርባጣውን እየደለደሉ ነው የሄዱት። ንጉሡም ከሰው ጋር አብረው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በሽሎን ወርደው፣ በሽሎን ወጥተው። ይህንን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ እናገራለሁ። ምሳቸውን ግን አላውቅም።

ለምን እንደማላውቅ ደግሞ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ዛሬ ያባባኝ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ካሴቶቹ አቧራ ለብሰዋል። በ1978 ዓ.ም. የቀዳሁትን አንዱን አገኘሁት። ያን ጊዜ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ቅዳሜና እሁድ ቴፔን በዘንቢል ይዤ ሽማግሌ ፍለጋ እዞራለሁ። ሰው ቤት ስገባ የምጠይቀው የታወቀ ነው። የማን ልጅ ነዎት? ማን ተሾመ? ማን ከማን ጋር ተዋጋ? በየትኛው ዓመት? ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ እንዲያ ነበር። ሹመትና ጦርነት።

በዚህ ካሴት ላይ ያሉት አንዲት እማሆይ ናቸው። ያን ጊዜ ከሰማንያ ዓመት በላይ ነበሩ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ግን ቃላቸው አይዛነፍም። ስለ አያታቸው ጀመሩ። «አያቴ ከጦሩ ኋላ ስንቅ ተሸክማ ሄዳለች። ልጅ አዝላ ነው የሄደችው። ትነግረኝ ነበር፣ ማታ ማታ ሰፈር ሲደረግ...»

ቋ።

ቴፑን ያጠፋሁበት ድምፅ ነው። ድንጋዩ እንዳያልቅብኝ ነበር። የባትሪ ድንጋይ ውድ ነበረ፣ ከደሞዜ ላይ ነው የምገዛው። ከቋታው በኋላ የሚሰማው የራሴ ድምፅ ነው። «እሺ እማሆይ፣ የአባትዎ አባት ማን ይባላሉ?»

እማሆይ ሁለት ዓመት ሳይቆዩ ዐረፉ። ያቺ ማታ፣ ያ ሰፈር፣ ያ ስንቅ፣ ከእሳቸው ጋር ሄደ። ያ ልጅ የጠየቀኝ ምሳ እዚያች ቋታ ውስጥ ነበር። አፋፉ ላይ ደርሼ ነው የዘጋሁት። ዛሬ ማታ ሦስት ጊዜ እያጠነጠንኩ ሰማሁት። የሚጨመር ነገር የለም።

እናንተ ታውቃላችሁ፣ ትልቁን መጽሐፌን ለማሳተም ስንት ዓመት እንደለፋሁ። አላፍርበትም። ራስ ጉግሣ ከተማዋን ከቆረቆሩበት አንሥቶ፣ የዘመነ መሳፍንት ራሶች እዚህ ተቀምጠው አገር ያዘዙበትን፣ አጤ ዮሐንስ የከረሙበትን፣ አንድም ሳላስቀር ጽፌአለሁ። ሰዎች ይጠቅሱታል። የትውልድ ሐረግ የጠፋበት ሰው በሬን ያንኳኳል። ደስ ይለኛል። ግን አንድ ቀን አንዲት ተማሪዬ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋው፣ «ቲቸር፣ እዚህ ውስጥ ልጅ የለም?» አለችኝ። ሥዕል የለም ማለቷ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ሳየው እውነትም ልጅ የለም። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ የሚያለቅስ፣ የሚራብ፣ የሚጫወት ልጅ አንድ የለም።

የልጆች መጽሐፍ የጀመርኩት በዚያ ነው። ቀላል ይመስለኝ ነበር። የሴባስቶፖሏ ሃያ አራት ገጽ ናት፣ ከትልቁ መጽሐፍ ይልቅ ያቺ ናት ያስጨነቀችኝ። አስጨናቂዬ ሰዓሊው ነበር። ተባረክ፣ የት እንዳለህ እንጃ። «ጫማ ነበራቸው?» ይለኛል። «ገመዱ ከምንድን ነው? ከቆዳ? ትከሻቸው ላይ ነው ወይስ ወገባቸው ላይ? ዝናብ ነበር?» የታሪክ ጸሐፊ «ወታደሩ መድፉን ጎተተ» ብሎ አንድ መስመር ጽፎ ያልፋል። ማንም አይጠይቀውም። ሰዓሊ ማለፍ አይችልም፣ እግሩን መሣል አለበት። እግር ከሣለ ደግሞ ጫማ መኖር አለመኖሩን ማወቅ አለበት። እኔ በሕይወቴ የታሪክ ትምህርት የተማርኩት ከዚያ ልጅ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የልዑል ዓለማየሁ ነው። ስንት ወር ሆነኝ። መጀመሪያውን ስጽፍ እጄ አልተያዘም፣ ምክንያቱም ልጁ በአንድ በኩል የእኛው ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃች ውቤ ልጅ ናቸው። ደጃች ውቤ በ1834 ዓ.ም. እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ጦርነቱን አሸንፈው፣ የድል ግብር ላይ ተቀምጠው ሳለ ነው የተማረኩት። አባቱ ደግሞ ያንን መድፍ ከዚሁ ይዘው የሄዱት ናቸው። የእናቱ አባት እዚህ ተማረኩ፣ አባቱ ከዚህ ተነሥተው ወደ ሞታቸው ሄዱ። ልጁ መሐል ላይ ነው።

አጤ ቴዎድሮስ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው፣ የፋሲካ ማግስት። ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ቀኑን ሳሰላው ብዕሬን አስቀምጬ ወጣሁ። አሥር ቀን። ከዚያ እንግሊዞቹ እናትና ልጁን ይዘው ወደ ባሕሩ ተጓዙ። ግንቦት ላይ ትግራይ ውስጥ እናቱ መንገድ ላይ ታመው ዐረፉ። ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ ብቻውን ቀጠለ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር የተነሣውን ፎቶግራፍ አይታችሁት ይሆናል። ፈገግታ የለውም።

ካፒቴን ስፒዲ የሚባለው እንግሊዛዊ መኮንን አማርኛ ይችል ነበር። መጀመሪያ ላይ ያሳደገው እሱ ነው። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ቢያንስ «ውሃ ጠማኝ» ሲል የሚሰማው ሰው ነበር። በኋላ ግን ከስፒዲ ለዩትና ትምህርት ቤት አስገቡት። ቼልተንሃም፣ ራግቢ፣ ከዚያም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። በ1872 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ዊንድሶር ተቀበረ፣ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አጽሙ ይመለስ ተብሎ ስንት ጊዜ ተጠየቀ። የተመለሰልን ከጸጉሩ ላይ የተቆረጠ ዘለላ ነው፣ በ2016 መስከረም ላይ። የስፒዲ ቤተሰብ አቆይቶት ነበር።

ይህንን ለልጅ ልጄ በስልክ አነበብኩላት። ዋሽንግተን ናት፣ እሷም ሰባት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እናቷ ትቆጣታለች፣ እኔ አልቆጣትም። ጸጉሩ ላይ ስደርስ ዝም አለች። ከዚያ ቃሉን እየፈለገች፣ በአማርኛ፣ «እማማ፣ ሲቆርጡት አለቀሰ?» አለችኝ።

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ማታስ? ማታ ከማን ጋር አማርኛ ያወራል?»

ከእናቷ ሥራ የተነሣ ቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ማታ ማታ አማርኛ የሚያወራት የለም። ይህን ያወቅኩት ከጥያቄዋ ነው። ልጄን አልነገርኳትም።

ከዚያ ወዲህ የመጨረሻውን ገጽ መጻፍ አቃተኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር አለኝ። «ያን ሌሊት ዓለማየሁ በአማርኛ ሕልም አየ።» ይኸው ነው። ስጽፈው ልክ ይመስለኛል። ስነሣ፣ ሻይ አፍልቼ ስመለስ፣ አርባ ዓመት ሙሉ «ምስክርሽ ማን ነው?» ስትል የኖረችው መምህርት ትቆምብኛለች። ምስክር የለኝም። እሰርዘዋለሁ። ደግሞ ያቺ ልጅ ስልኩ ላይ ዝም ያለችው ይመጣብኛል። መልሼ እጽፈዋለሁ።

«ይሆናል» ብዬ ብጀምረውስ? «ያን ሌሊት ዓለማየሁ በአማርኛ ሕልም አይቶ ይሆናል።» ለታሪክ ታማኝ እሆናለሁ። ግን ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ።

ሌሊቱ ተጋምሷል። ዝናቡ ቆሟል። ወረቀቱ ፊቴ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ለአምስተኛ ጊዜ ተሰርዞ ለስድስተኛ ጊዜ ተጽፏል። እማሆይ ቢኖሩ እሳቸውን እጠይቅ ነበር። አያታቸው ማታ ማታ ያዘለቻትን ልጅ ምን እያለች እንዳስተኛቻት ይነግሩኝ ነበር። ከዚያ ተነሥቼ፣ እቴጌ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ምን እያሉ እንዳስተኙት መገመት ይቻለኝ ነበር። ያ በጆሮው የቀረ ነገር ሕልሙ ውስጥ ይገባ ነበር።

ልተወው ወይስ ልሰርዘው?