መሰላል ማቆም እየተማርኩ ነው፣ እስካሁን የደረስኩበት

የቤቱን የጎን ግድግዳ እስከ አሸንዳው ድረስ ቀብቼ ጨረስኩ፣ መሰላሉም ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አላለም። በቀለሙ ብዙም አልኮራም፣ ጠጋ ብሎ ያየው ሰው የብሩሹን መስመር አንድ በአንድ ይቆጥረዋል፣ በመሰላሉ አቋቋም ግን ትንሽ ልኩራ ፍቀዱልኝ። ስለ ብሩሽ፣ ስለ ሮለር፣ ስለ ቀለም አበጣበጥ ስናወራ እንውላለን፣ እዛ ላይ ተሸክሞን የሚቆየው ነገር መሬቱን እንዴት እንደያዘ ግን ከወደቀ ሰው በስተቀር የሚያወራ የለም።

ጅማሬውን በሩጫ ልለፈው። መሰላሉ ላይ የተለጠፈውን የክብደት ልክ አንብቡ፣ እሱ የሚቆጥረው ሰውነታችሁን ብቻ አይደለም፣ መሳሪያውም የቀለም ባልዲውም አብሮ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት አሉሚኒየም መሰላል አታስጠጉ፣ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ነው፣ ያውም ቆሞ እያለ ብቻ ሳይሆን ተሸክማችሁት ስትዞሩም ጭምር። እርከኖቹን እዩ፣ የተሰነጠቀ ወይ የተጣመመ ካለ ሽቦ ጠምጥሜ እጠቀምበታለሁ ብላችሁ ከራሳችሁ ጋር አትከራከሩ። ገልብጣችሁ የእግሩን ጎማ እዩ፣ ጎማው ካለቀ ወይ የደረቀ ቀለምና ጭቃ ከለበሰ ጎማ የለውም ማለት ነው። በቃ እዚህ ላይ ሌላ የምጨምረው የለኝም፣ ይሄን የማያደርግ ሰው የቀረውን ባያነብም ይሻለዋል።

ቀጥሎ አራት ለአንድ የሚባለው ህግ አለ። መሰላሉ ከላይ የሚደገፍበት ቦታ ከመሬት 4 ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል፣ 6 ሜትር ከሆነ 1 ሜትር ተኩል፣ በዲግሪ ወደ 75 አካባቢ ይመጣል። ሜትር ካልያዛችሁ የጫማችሁን ጫፍ ከመሰላሉ እግር ጋር አስነኩና ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ እጃችሁን ወደፊት ዘርጉ፣ መዳፋችሁ ትከሻችሁ ትይዩ ያለውን እርከን ከነካ ልክ ናችሁ። እኔ ግን በሜትር ነው የምለካው፣ የእጄን ርዝመት አላምነውም።

ይሄ ህግ ከየት መጣ ብዬ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ፣ የተማርነው ፊዚክስ ለካ ለዚህ ነበር። ግድግዳው ሙልጭ ያለ ነው እንበል፣ የመሰላሉንም ክብደት እንርሳው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጫፉ ላይ ሲደርስ የመሰላሉን እግር ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል የክብደቱ ሩብ ነው፣ 20 ኪሎ ማለት ነው። እግሩን አርቀን ለ4 ሜትር ቁመት 2 ሜትር ካደረግነው ግፊቱ 40 ኪሎ ይገባል። ይሄን ሁሉ የሚይዘው በጎማውና በወለሉ መሀል ያለው ፍሪክሽን ብቻ ነው። ደግሞ ግፊቱ ከፍ ባልን ቁጥር ነው የሚያድገው፣ መጀመሪያዎቹ እርከኖች ላይ ከቁጥር አይገባም፣ ስለዚህ ሁለተኛው እርከን ላይ ዘለል ዘለል ብሎ "ጠንካራ ነው" የሚል ሰው ስለ መንሸራተት ገና ምንም አላወቀም። ፈርታችሁ ደግሞ እግሩን ወደ ግድግዳው በጣም አታስጠጉት፣ ያኔ ሰውየው ትንሽ ወደ ኋላ ሲለጠጥ መሰላሉ አብሮት ይመጣል።

አሁን ወደ ራስ ምታቴ። የግድግዳው አንደኛው ጥግ ጋ ሊሾው ያልቅና አፈር ይጀምራል። መቀባት ያለብኝ ቦታ ትይዩ መሰላሉን ሳቆመው አንዱ እግር ሊሾ ላይ፣ ሌላው አፈር ላይ ያርፋል። አፈሩ ከሊሾው ዝቅ ያለ ነው፣ የአሸንዳው ውሃ የሚወርድበት ቦታ ስለሆነ ደግሞ ልል ነው። ስራው በሙሉ እዚህ ጥግ ላይ ቆመ፣ የቀረውን ግድግዳ ጨርሼ እሷን ቁራጭ ብቻ እየዞርኩ ሳያት ከረምኩ።

የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሀሳብ ዝቅ ካለው እግር ስር የሆነ ነገር መወተፍ ነው፣ ጡብ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ የጣውላ ቁራጭ። የጠየኳቸው ሰዎች በሙሉ ይሄንኑ ነው ያሉኝ፣ እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ግትር ነኝ፣ አልፈልግም። ጡቡ ላይ እግሩ በጫፉ ብቻ ነው የሚያርፈው፣ ጡቡ ራሱ ይወዛወዛል፣ ከስሩ ያለው አፈር ደግሞ ያው ልል አፈር ነው፣ ስለዚህ እግሩ ከነጡቡ ይሰምጣል። ስንት ቢሰምጥ ነው የሚያሰጋው ለሚል ሰው ስሌቱ ይሄው፦ በሁለቱ እግሮች መሀል ያለው ስፋት 40 ሴንቲ ቢሆንና አንዱ እግር 2 ሴንቲ ብቻ ቢወርድ፣ 4 ሜትር ላይ ያለው ጫፍ 20 ሴንቲ ወደ ጎን ይሄዳል። ታች የጣት ውፍረት የሆነችው ነገር ላይ ስትደርስ ስንዝር ትሆናለች።

ቆይቶ የገባኝ ነገር ደግሞ ይሄ ነው፣ ግማሽ ሊሾ ግማሽ አፈር ከሙሉ አፈር የባሰ ነው። ሁለቱም እግሮች አፈር ላይ ከሆኑ ሲሰምጡ አብረው ይሰምጣሉ፣ መሰላሉ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ ብዙ አያጋድልም። አንዱ ሊሾ ላይ ከሆነ ግን እሱ መቼም አይወርድም፣ ስለዚህ የአፈሩ መስመጥ በሙሉ ወደ ማጋደል ይቀየራል። ይሄ የሚሆነው ደግሞ ስናቆመው ሳይሆን ላይ ወጥተን ወደዛ ጎን ዘንበል ብለን ስንሰራ ነው፣ ምክንያቱም ያኔ ነው ክብደታችን በአንደኛው እግር ላይ የሚያርፈው።

መፍትሄ ተብለው የሚነገሩትን አንድ በአንድ አየኋቸው። አንደኛው ከፍ ያለውን መቆፈር ነው፣ ዝቅ ያለውን ከመሙላት መቶ እጥፍ ይሻላል፣ በሌላ ቦታ ሁሌም የማደርገው እሱን ነው፣ ግን እዚህ ከፍ ያለው ሊሾ ነው፣ ሊሾ በዶማ አላፈርስም። ሁለተኛው አንዱን እግር ማስረዘሚያ ነው፣ መሰላሉ ላይ በብሎን የሚታሰርና እንደተፈለገው የሚወጣና የሚገባ እግር አለ። ጥሩ መሳሪያ ነው፣ ደረጃ ላይ ወይ ተዳፋት ሲሚንቶ ላይ ለሚሰራ ሰው ምንም አልልም፣ ግን የረዘመው እግር ያው አፈሩ ላይ ነው የሚያርፈው፣ የቁመት ልዩነቱን እንጂ የአፈሩን ልልነት አይፈታውም። ሶስተኛው ከአፈሩ በኩል ካለው እግር ስር ሰፊ ጣውላ ማንጠፍ ነው። ይሄኛው ቁም ነገር አለው፣ የመሰላሉ እግር 5 በ10 ሴንቲ ቢሆን መሬት የሚነካው 50 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ 40 በ40 ጣውላ ስታደርጉበት ያው ክብደት 1600 ላይ ይዘረጋል፣ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ጫና 32 ጊዜ ይቀንሳል ማለት ነው። ግን አሁንም አንዱ እግር ሊሾ ነው፣ ሌላው ጣውላ፣ አልተዋጠልኝም።

በመጨረሻ የሰራው በጣም ቀላል ነገር ነው፣ ቦታዋ ላይ መቆሙን ተውኩት። ሁለቱንም እግር አፈር ላይ አድርጌ ከአፈሩ በኩል፣ ከዛ ሁለቱንም እግር ሊሾ ላይ አድርጌ ከሊሾው በኩል ቀባሁ፣ መሀል ላይ የቀረችው ቁራጭ ከሁለቱም ወገን በእጅ ትደረሳለች። ሲሰራ እምብርታችሁ ከሁለቱ ቋሚዎች መሀል እንዳይወጣ የሚባለው ልክ እዚህ ጋ ነው የጠቀመኝ፣ እምብርቴን ሳላወጣ የት ድረስ እንደምደርስ መጀመሪያ መሬት ላይ ቆሜ ለካሁና መሰላሉን በዛ ልክ አስቀመጥኩት። ይሄን ያህል ጊዜ ስሟገት የከረምኩት መሰላሉ የግድ ከምቀባው ቦታ ፊት ለፊት ይቁም ብዬ ነበር።

በአፈሩ በኩል ያለው ዝግጅት ትንሽ ጊዜ ይፈጃል። መጀመሪያ በአካፋ ደልድዬ በደንብ ጠቀጠቅኩት፣ ሁለቱንም እግር የሚይዝ አንድ ወፍራም ረጅም ጣውላ አነጠፍኩ፣ ውሃ ልክ አስቀምጬ እስኪስተካከል ድረስ ከፍ ካለው በኩል አፈሩን እየፋቅኩ አወረድኩት። ከዛ ከእግሮቹ ኋላ ጣውላው ላይ ሞራሌ በምስማር መታሁ፣ እግሮቹ ወደ ውጭ ልሂድ ቢሉ የሚያግዳቸው እሱ ነው፣ ጣውላው ራሱ እንዳይሄድ ደግሞ ከኋላው ሁለት ካስማ ቸከልኩ። ይሄን ሁሉ አድርጎ የመጀመሪያው እርከን ላይ ወጥቶ በሙሉ ክብደት ጫን ጫን ማድረግ፣ ወርዶ ውሃ ልኩን እንደገና ማየት። (ከላይ ዘለል ዘለል የሚለውን ሰው የተቸሁት እኔው ነኝ፣ አውቃለሁ፣ ግን መንሸራተትን ባይነግረንም መስመጥን ይነግረናል።)

ሊሾው በኩል ያለው ችግር ሌላ ነው፣ አይሰምጥም ግን ያንሸራትታል፣ በተለይ አቧራ ወይ ጠብታ ቀለም ካለበት። ጠረግኩ፣ አደረቅኩ፣ ከዛ ከግድግዳው ግርጌ በተተከለ የብረት ቀለበት ላይ የታችኛውን እርከን በገመድ አሰርኩት፣ ሁለቱንም ቋሚ፣ ገመዱ ሳይላላ። በኔ እምነት ለመንሸራተት ከዚህ የሚበልጥ መድሃኒት የለም፣ ያ 20 ኪሎ ግፊት ወደ ገመዱ ሄደ፣ ከወለሉ ጋር መለማመጥ ቀረ። ከእግሩ ስር ጆንያ ወይ ጨርቅ የሚያነጥፉ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ጎማው ሊሾውን እንዳይነካ አድርጋችሁ ጨርቁ ከነመሰላሉ እንዲሄድ እያመቻቻችሁለት ነው።

ስለ "ያዝልኝ" ደግሞ ልናገር፣ እዚህ ላይ የማይስማማኝ ብዙ ነው። አንድ ሰው ታች ቆሞ መያዙን እንደ ዘዴ አልቆጥረውም። መሰላሉ አንዴ መሄድ ከጀመረ ላይ ካለው ሰው ጋር በእጁ ሊያስቆመው አይችልም፣ ደግሞ ሰው ይሰለቻል፣ ስልኩ ይጠራል፣ ብሩሽ የሚወድቀውም እሱ አናት ላይ ነው። እኔ ረዳት የምፈልገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፣ መሰላሉ ከላይ እስኪታሰር ድረስ። ከላይ ለማሰር መጀመሪያ ሳይታሰር መውጣት አለ፣ ያቺን ሰዓት የታችኛው እርከን ላይ በእግሩ ቆሞ ይጫንልኛል፣ ከዛ ሻይውን ሊጠጣ ይችላል።

ከላይ ያለውን ባጭሩ። አሸንዳ ላይ አታስደግፉ፣ ይጎብጣል ያንሸራትታልም፣ ከግድግዳው አራርቆ የሚያስደግፍ ሰፊ ክንድ አለ፣ እሱን ግጠሙለት። ጣሪያ ላይ የምትወጡ ከሆነ መሰላሉ ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ያህል አልፎ ይውጣ፣ ስትሻገሩ የምትይዙት እንዲኖራችሁ። የአውሮፓው ኢኤን 131 የሚባለው መስፈርት ከ2018 ጀምሮ ተደግፎ የሚቆም 3 ሜትርና ከዛ በላይ የሆነ መሰላል እግሩ ሰፋ እንዲል ያዛል፣ አዲስ የምትገዙ ከሆነ ከታች አግድም ማገር ያለውን ምረጡ፣ ለመሸከም ያስጠላል፣ በር ላይ ይጋጫል፣ ግን ያን የ40 ሴንቲ ስሌት ያሻሽለዋል።

ራሱን ችሎ ስለሚቆመው ባለ ሁለት ጎን መሰላል ብዙ አልጽፍም። አራቱም እግር መሬት ይንካ፣ መሀል ያለው ማገናኛ ብረት ቀጥ ብሎ ይቆለፍ፣ አናቱ ላይ አትቁሙ፣ አጥፋችሁ ግድግዳ ላይ አታስደግፉት። አልወደውም፣ ምክንያት አልጠየቅም።

ይሄን ሁሉ ያወራሁት ግን እግሬ ሳይንቀጠቀጥ እየወጣሁ እንዳይመስላችሁ። መውጣቱ ይሁን፣ መውረድ እስካሁን ያስፈራኛል፣ ሁለት እጅ አንድ እግር ወይ ሁለት እግር አንድ እጅ ሁሌም መሰላሉ ላይ ይሁን የሚለውን እያነበነብኩ ነው የምወርደው። ባልዲ ይዤ መውጣት ስለማልችል ባልዲውን በገመድ እስባለሁ፣ አንዳንዱ ይስቃል፣ ይሳቅ። ከመሰላል ወደ ጣሪያ መሻገር ደግሞ ገና አልደፈርኩትም፣ ስለዚህ ስለ 1 ሜትሩ የነገርኳችሁ ከህጉ ነው፣ ከልምዴ አይደለም።

ቀጣዩ ስራ ዛፍ ላይ ነው፣ ቤቱ ላይ የተጋደመ ቅርንጫፍ አለ። ታች ያለው አፈር ስለሆነ ጣውላውና ካስማው እንዳለ ይሄዳል። የቸገረኝ ላይኛው ነው፣ ግንዱ ክብ ስለሆነ እርከኑ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነው የሚነካው፣ ትንሽ ወደ ጎን ስዘረጋ መሰላሉ ግንዱን ይዞራል ብዬ እፈራለሁ። ሁለቱን ቋሚዎች ለየብቻ ከግንዱ ጋር ለማሰር አስቤያለሁ፣ የሞከራችሁት ካላችሁ ገመዱን እንዴት እንደምታዞሩትና መጀመሪያ ስትወጡ ማን ምን እንደሚይዝላችሁ ንገሩኝ።