ከሐብሐብ ጽጌረዳ መቅረጽ፦ ቢላዋው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

የአበባው ቅጠል ጎልቶ የሚታየው ከጀርባው ያለው ሥጋ ሲወጣለት ነው። ጠርዙን በቢላዋ ብቻ ካሰመራችሁት ጭረት ሆኖ ይቀራል። ሐብሐብ ላይ ስቀርጽ ከሁሉ ዘግይቶ የገባኝ ይህ ስለሆነ፣ ሌላውን ሁሉ ከዚህ ተነሥቼ ነው የምነግራችሁ።

የምመርጠው ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን ክብ ሐብሐብ ነው። መሬት ላይ ተኝቶ ያደገበት ጎኑ ቅቤ የመሰለ ቢጫ ከሆነ በስሏል፤ ነጭ ከሆነ ገና ነው። ከልክ በላይ የበሰለው ውስጡ አሸዋ አሸዋ ስለሚል ቅጠሉ በእጅ ላይ ይፈርሳል። ከፍሪጅ የወጣውን ወዲያው አልነካውም። ቀዝቃዛ ሐብሐብ ቢላዋ ሲገባበት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ከተፈለገው አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ከፍሪጅ ውጭ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ልጣጩን በብሩሽና በሚፈስ ውኃ አጥቤ በንጹሕ ፎጣ አደርቀዋለሁ፤ ላዩ ላይ ያለው ቆሻሻ በቢላዋው ጫፍ ወደሚበላው ይገባልና።

ጥበቡ በታይላንድ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፤ እዚያ ስለቱ ጠባብ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ልዩ ቢላዋ ይያዛል። እቤት 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ስለት ያለው የፍራፍሬ ቢላዋ ይበቃል፤ ግን የስለቱ ስፋት ከ1.5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ሰፊ ስለት በጠባብ ክብ ውስጥ ሲዞር የቅጠሉን ሥር ይበጥሳል። በመሳያ ድንጋይ ስዬ የቲማቲም ልጣጭ ላይ እሞክረዋለሁ፤ ሳልጫነው ካልገባ እንደገና እስለዋለሁ። የካርቶን መቁረጫ ምላጭ አልጠቀምም። ስለቱ ዘይት ሊኖረው፣ ጫፉም ተሰብሮ ምግብ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ሐብሐቡ ትሪ ላይ እንዳይንከባለል ከታች የሳንቲም ውፍረት ያህል ልጣጭ አነሣለሁ። እዚያ ነጩን አልፌ ቀዩን ከነካሁ ጭማቂው ትሪው ላይ ሲፈስ ይውላል።

በላይ በኩል የሲኒ ማስቀመጫ ደፍቼ ዙሪያውን በስቴኪኒ ጫፍ አሰምራለሁ፤ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከክቡ ውስጥ አረንጓዴውን ልጬ፣ ሮዝ ቀለም ከሥሩ መታየት እስኪጀምር ድረስ ነጩን አሳሳዋለሁ። የአበባው መልክ የሚወሰነው እዚህ ነው። ነጩ ከወፈረ ቅጠሉ ይጠነክራል፣ ጣዕም ግን የለውም፤ ጨርሶ ከተነሣ ደግሞ ቀዩ ብቻውን በቀጭኑ መቆም አይችልም። ጫፉ ነጭ፣ ሥሩ ቀይ የሆነ ጽጌረዳ የሚወጣው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ባነሰ ነጭ ነው።

መካከሉ ላይ የለስላሳ ቆርኪ አስቀምጬ፣ ቢላዋውን ቀጥ አድርጌ 1 ሴንቲ ሜትር አስገብቼ ዙሪያውን እዞራለሁ። ከዚያ ከክቡ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ርቄ፣ ቢላዋውን በ45 ዲግሪ ወደ መካከል አጋድሜ ደግሜ እዞራለሁ። ሁለቱ ቁርጦች ከሥር ሲገናኙ ቀለበት የመሰለ ቁራጭ ይወጣና እምቡጡ ብቻውን ይቆማል። ቀለበቱ እምቢ ካለ በጉልበት አትጎትቱት፤ እምቡጡን ይዞት ይነቀላል። ያልተገናኘበትን ቦታ ፈልጋችሁ ቢላዋውን መልሱ። እምቡጡ ውስጥ 3 ግማሽ ጨረቃዎችን እቆርጣለሁ፤ እያንዳንዱ ካለፈው አጋማሽ ላይ ይጀምራል፤ ከእያንዳንዱም በውስጥ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ስስ ቁራጭ አወጣለሁ።

ወደ ውጭ ለሚሄዱት ረድፎች ቢላዋውን እንደ እስክሪብቶ እይዛለሁ፤ ትንሿ ጣቴ ሐብሐቡ ላይ ትደገፋለች። ቀለበቱ ከወጣበት ቁልቁለት ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ርቄ፣ ከቁልቁለቱ ጋር ትይዩ 5 ግማሽ ክቦችን እቆርጣለሁ። ቀጥሎ ከጀርባቸው 1 ሴንቲ ሜትር ርቄ ቢላዋውን ይበልጥ አጋድሜ በሁለቱ ቁርጦች መካከል ያለውን ሽብልቅ የመሰለ ቁራጭ አነሣለሁ፤ ያኔ ቅጠሎቹ ብድግ ይላሉ። ሁለተኛው ረድፍ 7 ቅጠል አለው፤ እያንዳንዱ የሚጀምረው ከፊቱ ባሉት ሁለት ቅጠሎች መካከል ነው። ፊት ለፊት ከተደረደሩ አበባው ጥርስ ያለው መንኰራኩር ይመስላል።

ቅጠል የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ሽብልቁ ሲቆረጥ ቢላዋው ከሥሩ አልፎ ስለሚገባ ነው። ቢላዋው የመጀመሪያውን ቁርጥ ሲነካ እጅ ላይ የሚሰማ ልልነት አለ፤ እዚያ ላይ አቁሙ። የወደቀውን በስቴኪኒ አልሰካውም፤ የሚበላ ሰው ስቴኪኒውን አያየውም። የቀረውን ጉቶ ቀጣዩን ቅጠል ሰፋ አድርጌ እሸፍነዋለሁ። ፍሬ ከታየ በቢላዋው ጫፍ ወዲያው ይውጣ፤ ስለቱ ከገፋው ዙሪያውን ይቀድዳል።

ዙሪያውን ለማድመቅ ገና ቢጫ መስመር የጀመረው ፓፓያ ይሻላል፤ የበሰለው ይላላል። 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቅጠል አውጥቼ የደም ሥሩን በሁለት ተጋዳሚ ጭረቶች እሠራለሁ። ያልበሰለ ፓፓያ የሚያወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ስለሚያሳክክ ፍሬውን በውኃ ማጠብ፣ ጓንትም ማድረግ ነው። ፖም ከጨመራችሁ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ባለበት አንድ ኩባያ ውኃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ይቆይ፤ አሲዱ ጥቁረቱን ያዘገየዋል።

አበባው ካለቀ በኋላ በረዶ በገባበት ውኃ ለ5 ደቂቃ ደፍቼ አቆየዋለሁ፤ ቅጠሎቹ ውኃ ጠጥተው ይቆማሉ። ከዚያ በላይ ከቆየ ስኳሩና ቀለሙ ይሄዳል። ጨው ቅጠሉን ስለሚያልበው አላስጠጋውም። እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጌበት በላስቲክ ሸፍኜ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ለእንግዳ የማወጣው በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ገበታ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ሲበላ ጽጌረዳውን ከሥሩ በማንኪያ ጎርጉሮ ማንሣት ይቻላል። የወጡት ቀለበቶችና ሽብልቆችም ቀያቸው ለጭማቂ ይሆናል፤ ነጩን ግን ለዩት፤ ጣዕሙን ያሳሳዋል።