ብቻዬን የት ልሂድ? ከአራት ኪሎ እስከ ቱሉ ጉዶ ደሴት

የምኖረው አራት ኪሎ፣ የምሠራው ለገሃር ነው። ሌሊት የግንባታ ማሽን፣ ገና ሳይነጋ የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ ሜክሲኮ!»፣ ቀን ቢሮ ውስጥ የማያባራ ስልክ። ዘንድሮ የዓመት እረፍት ስወጣ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የመኪና ድምፅ የማይሰማበት ቦታ ሄጄ ብቻዬን መቀመጥ። ከማንም ተጣልቼ አይደለም። ጓደኞቼን እወዳቸዋለሁ፣ ግን ከእነሱ ጋር መሄድ ማለት ወሬውንም ይዞ መሄድ ነው።

ይሄን ቢሮ ውስጥ ሳወራ ሁሉም በአንድ ድምፅ ቢሾፍቱ አለኝ። ቢሾፍቱ ቅርብ ነው እሺ፣ በፈጣኑ መንገድ አንድ ሰዓትም አይሞላም፣ ግን ዊኬንድ ላይ ባቦጋያ ሂዱና እዩ፣ በአንዱ ግቢ ልደት፣ በሌላው የሠርግ ፎቶ፣ በሦስተኛው ዲጄ። አዋሳን በጣም ነው የምወደው፣ ግን አዋሳ ከተማ ነው። ላንጋኖ ዋና አለው፣ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ሰው የሚዋኝበት ሐይቅ ነው፣ ነገር ግን ደውዬ የጠየቅኳቸው ሪዞርቶች በሙሉ ዋጋቸው ለሁለት ሰው ነው፣ «አንድ ነኝ» ስል «ችግር የለም፣ ክፍሉን በሙሉ ትከፍያለሽ» ነው መልሱ። ይሄ ነገር አሁንም ያበሳጨኛል። አንድ ሰው አንድ አልጋ ነው የሚተኛው፣ አንድ ቁርስ ነው የሚበላው፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው ለምን የሌለ ሰው ሂሳብ ይከፍላል?

ወንጪንም አስቤ ነበር። በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል፣ በገበታ ለሀገርም መንገዱና ማረፊያው ተሠርቶ አምሮበታል፣ ያማረ ቦታ ደግሞ ሰው ይበዛበታል፣ እኔ የምፈልገው ያን አልነበረም። መናገሻ ሱባ ደኑ ልብ ይማርካል፣ ዘርዓ ያዕቆብ ችግኝ ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥቶ አስተከለው የሚባለው ጥድ እስካሁን አለ፣ ግን ለእኔ የቀን ጉዞ ነው፣ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ። የልቤ መንዝ ጓሳ ነበር፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ያለበት፣ ሕዝቡ ራሱ ሣሩን በወግና በሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ተራራ። እናቴ ጓሳ የሚለውን ስትሰማ ስለ መንገዱ ሰላም ሁለት ቦታ ደወለችና «እኔን ቅበሪኝና ሂጂ» አለችኝ። በዚህ ጊዜ እናትን እንዲህ ማስጨነቅ ደግሞ እረፍት አይሆንም።

ቆይቼ ቆይቼ ሐሳቡን ገለበጥኩት። የትኛው ቦታ ያምራል ማለቱን ትቼ መኪና የማይገባበት የቱ ነው ብዬ ጠየቅኩ። ደሴት ነዋ! ጣና ሩቅ ነው፣ ዝዋይ ግን ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ አምስት ደሴቶች አሉት፣ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ ገዳምም ሰፈርም አለ። በቃ ወሰንኩ።

ጠዋት ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ለቦርሳዬ 100 ብር ጨምሪ አለኝ፣ ቦርሳው እኮ ጭኔ ላይ ነው ያለው፣ ጣራ ላይ አልወጣ ወንበር አልያዘ! እኔ መጨቃጨቅ አልወድም፣ ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት አጠገቤ የነበሩ ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት «ተይው ልጄ፣ አትክፈይ» ብለው እጄን ያዙኝና ረዳቱን «አንተ ልጅ፣ ይቺን ቦርሳ የምትሸከምላት አንተ ነህ?» አሉት፣ ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ፣ እሱም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ስላለው መንገድ የምለው የለኝም፣ ሞጆን አልፈን ፈጣኑ መንገድ ላይ ስንገባ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ስነቃ ባቱ ነበርኩ። (ዝዋይ ከተማ አሁን ባቱ ነው የምትባለው፣ ሰዉ ግን ሁለቱንም ይላል።)

የመጀመሪያዋን ሌሊት ከተማ ውስጥ ነው ያደርኩት፣ እሷን ሌሊት ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። የሆቴሉን ስም አልጠራም። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ «ስንት ናችሁ?» አለችኝ፣ «አንድ»፣ «ሌላው መቼ ነው የሚመጣው?»፣ «ማንም አይመጣም»፣ ቀና ብላ አየችኝና ክፍል ሰጠችኝ፣ የሰጠችኝ ክፍል ደግሞ በቀጥታ ከባሩ በላይ። ስፒከሩ ሲመታ ኮመዲኖው ላይ ያስቀመጥኩት ብርጭቆ በትንሽ በትንሹ እየተንሸራተተ ወደ ጠርዝ ይሄዳል፣ አነሳና መልሼ ወደ ግድግዳው አስጠጋዋለሁ፣ ተመልሶ ይመጣል። ወርጄ ድምፁን ትንሽ ቀንሱልኝ ስል «ዊኬንድ ነው እህቴ» አሉኝ። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንደዛው። አጎበሩ ተቀድዶ ነበር፣ ዝዋይ ደግሞ ወባ አለ፣ ቀዳዳውን ሰብስቤ በፀጉር ማስያዣዬ ቋጠርኩት። አራት ኪሎ እንኳን በዚህ ሰዓት ጋብ ይላል።

ጠዋት ሐይቁ ዳር ስደርስ ግን ሁሉም ነገር ለቀቀኝ። አሳ አጥማጆቹ ቆሮሶውን እዛው ይገነጥላሉ፣ አባ ኮዳዎቹ ሆድ ዕቃው እስኪጣልላቸው እግራቸው ሥር ቆመው ይጠብቃሉ፣ ፔሊካኖቹ ራቅ ብለው ይዋኛሉ። ትኩስ የአሳ ሾርባ በሎሚና በቃሪያ ጠጣሁ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው መድኃኒቱ እሱ ነው።

ጀልባ ስጠይቅ 7,000 ብር አሉኝ፣ ደርሶ መልስ። ብቻዬን ነኝ እኮ ስል ልጁ በትህትና «ገባኝ፣ ግን ነዳጁ አንድ ሰው አሥር ሰው አይልም» አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ በዚህ እንኳን አልተቀየምኩም። ግን 7,000 ብር አልነበረኝም። ተስፋ ቆርጬ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለ ጤፍና ዘይት ይዘው ጥላ ሥር የተቀመጡ እናት ከየት ነው የመጣሽው አሉኝ። የቱሉ ጉዶ ሰው ናቸው፣ ለገበያ መጥተው ሊመለሱ ነው፣ የእነሱ የጋራ ጀልባ አለ። «ከኛ ጋር ትሂዳ!» አሉ ለጀልባ ነጂው፣ 150 ብር ከፈልኩ፣ አለቀ። ከአዲስ አበባ ሆኜ ብዙ ስጠይቅ ይሄን ጀልባ የነገረኝ ሰው የለም።

ሁሉም ዕቃውን እስኪጭን ከሰዓት ሆነ። ዝዋይ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፣ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳን ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው ይባላል፣ ለዚህ ነው መሰለኝ የከሰዓቱ ንፋስ ሲነሳ ውሃው ወዲያው የሚቆጣው። ከአንድ ሰዓት በላይ ሄድን፣ ውሃ ፊቴ ላይ እየተረጨ፣ እኔ የጀልባውን ጠርዝ ሙጭጭ ብዬ፣ እናትየዋ ዘይታቸውን በጉልበታቸው መሃል አጥብቀው ስለ ጤፍ ዋጋ እያወሩ። መሃል ላይ «ብቻሽን ነው የመጣሽው? ምነው ልጄ፣ ሐዘን ደረሰብሽ እንዴ?» አሉኝ። የለም እማማ፣ ደክሞኝ ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እሱም ሐዘን ነው» አሉ። እስካሁን ድረስ እንደዚህ የተረዳኝ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያሳደሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ቤታቸው፣ መደብ ላይ፣ በደህና አጎበር። ጸጥታው ምን ይመስላል ለምትሉኝ ፍጹም ዝምታ አይደለም፣ ዶሮ ይጮኻል፣ ፍየል ይጮኻል፣ ከአንድ ቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ ሕፃናቱ «ስምሽ ማነው» እያሉ ቀኑን ሙሉ ይከተሉኛል፣ ይሄኛው መጀመሪያ ትንሽ ሰልችቶኝ ነበር። ግን ሞተር የለም። ጥሩምባ የለም። ስልኬ ላይ ኔትወርኩ መጣ ሄደ ይላል፣ እኔም ዘጋሁትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አዲስ አበባ ሳለሁ ጆሮዬ ሁልጊዜ ተወጥሮ እንደሚውል ያወቅኩት እዛ ነው፣ እዛ ረገበ።

የሰዎቹ ስም ዛይ ነው፣ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ እርስ በርስ በሱ ያወራሉ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከባቱ ሰው ጋር በኦሮምኛ። ኮረብታውን በድንጋይ እርከን ከፋፍለው ያርሱታል። የእናትየዋ ልጅ ከሰዓት ከሰዓት ደጅ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል፣ የመረቡን ጫፍ በእግሩ አውራ ጣት ወጥሮ ይይዝና ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ አንድ አንድ ቀዳዳ ይቋጥራል፣ አያወራም፣ እኔም አላወራም፣ አጠገቡ ተቀምጬ ጥላው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እስኪሄድ አየሁት። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰዓት ኖሮኝ አያውቅም።

ገዳሙ ደብረ ጽዮን ማርያም ጫፉ ላይ ነው፣ መውጫው ዳገት ስለሆነ በጠዋት መውጣት ይሻላል። በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚህ ደሴት ላይ ሸሸጓት የሚለውን ትውፊት ቄሱ ነገሩኝ፣ ትናንት የሆነ ያህል ነበር የሚያወሩት፣ በየት በኩል ከጀልባ እንደወረዱ ሁሉ በእጃቸው እያሳዩኝ። እኔ የቅድስት ሥላሴ ሰው ነኝ፣ እሁድ እሁድ ከሰው ጋር ተጋፍቼ ነው የማስቀድሰው፣ እሱንም እወደዋለሁ። እዛ ግን ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ብቻዬን ቆሜ፣ ሐይቁ በአራቱም ማዕዘን ከታች እየታየኝ፣ ለረጅም ጊዜ ያልጸለይኩትን ያህል ጸለይኩ። ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ የምትሄዱት ህዳር 21ን ተዉት፣ የጽዮን በዓል ነው።

መመለሻው ንፋሱ ሳይነሳ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነበር። እናትየዋ ብር አልቀበልም አሉ፣ ተለማመንኩ፣ በመጨረሻ «ለልጆቹ ደብተር» ስል ነው የተቀበሉኝ። መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ባቱ ስትደርሱ መጀመሪያ የጀልባ ዋጋ አትጠይቁ፣ የደሴቱ ሰዎች ለገበያ የሚወጡበት ቀን መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ጉዞአችሁን በሱ አስተካክሉ። ጥሬ ብር፣ የምትጠጡት ውሃ፣ የራሳችሁ አጎበር ያዙ፣ ለምታርፉበት ቤት ቡናና ስኳር ቢሆን ደስ ይላቸዋል። ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ፣ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬም አለ። እኔ ከፋሲካ በኋላ እዚሁ ዝዋይ ላይ ያለውን ገሊላ ደሴትን ማየት እፈልጋለሁ፣ ጀልባ ነጂው ስልኩን ሰጥቶኛል፣ እናቴም ይሄኛውን መንገድ አልተቃወመችም።