ቆሞ መቅደም

እንግሊዝ አገር ምን ትሠራ ነበር ለሚለኝ ሰው ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ሳውዝሃምፕተን ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አጥብ ነበር። ሁለተኛ፣ በጋ ሲገባ ረቡዕ ረቡዕ ማታ በሸራ ጀልባ እወዳደር ነበር። የመጀመሪያውን ሁሉም ያምነኛል። ሁለተኛውን ሳወራ ግን ፒያሳ ቡና የምንጠጣ ጓደኞቼ “ኧረ ባክህ!” ይሉኛል። የሸራ ጀልባ የሀብታም ነገር ነዋ።

ጀልባውስ የሀብታም ነው፣ አልዋሹም። ግን ባለጀልባ ሁሌ ሰው ያጥረዋል። እኔን የፈለጉኝ ለኪሎዬ ነው። ጀልባዋ በንፋስ ስታዘነብል ከፍ ባለው ጎኗ ጠርዝ ላይ እግራችንን ወደ ውጭ አንጠልጥለን እንደረደራለን፤ ክብደታችን ያቃናታል። ሥራዬ ይኸው ነበር። መቀመጥ። “ዙር!” ሲባል በሸራው አግዳሚ ሥር ሾልኮ ወደ ሌላው ጎን መሮጥ። እንደገና መቀመጥ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ብዙ ያያል። እኔ ያየሁት ነገር ቢኖር ባሕር በሚሞላበትና በሚጎድልበት አገር ውድድሩ ከንፋሱ ይልቅ ከውሃው ጋር መሆኑን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሶለንት የሚሉት በዋናው የእንግሊዝ ምድርና በዋይት ደሴት መካከል ያለ ጠባብ ባሕር ነው። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ሲጎድል ወደ ምዕራብ። በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ይገለበጣል። በምዕራቡ ጫፍ፣ ሀርስት የሚባለው ጠባብ በር ላይ፣ ፍጥነቱ ከ4 ኖት የሚያልፍበት ጊዜ አለ። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ጀልባችን ደህና ንፋስ አግኝታ 6 ኖት ብትሄድ፣ 4 ኖት ውሃ ፊት ለፊት ሲመጣባት የሚተርፋት 2 ብቻ ነው። ያው ውሃ ከኋላዋ ቢሆን 10 ትሄዳለች።

የመገጭን ወንዝ በክረምት ለተሻገረ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ማዶ ያለውን ዛፍ አይቶ ፊት ለፊት የሚገባ የለም። ከላይ ራቅ ብሎ ይገባል፣ ውሃው እየገፋ ዛፉ ሥር ያደርሰዋል። ጀልባም ወደ ምልክቱ፣ ማለትም ውድድሩ ወደሚዞርበት ባሕር ላይ ወደታሰረው ተንሳፋፊ፣ የምትሄደው እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ የሶለንቱ “ወንዝ” ከሰዓት በኋላ ሽቅብ ይፈሳል።

ሰፈራችን ያሉ የኔታ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና “ጨረቃዋ ስንት ስትሆን ነው የሚበረታው?” አሉኝ። ሌላው ሰው የጀልባዋን ዋጋ ነው የሚጠይቀኝ! አበቅቴና መጥቅዕ ሲያሰላ የኖረ ሰው ግን የት እንደሚመታ ያውቃል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ከፀሐይ ጋር በአንድ መስመር ስለሚስቡ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል፣ ውሃውም ይፈጥናል። ግማሽ ስትሆን ይለዝባል። ብርታቱ ጫፍ የሚደርሰው ግን ቀን ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው አልኳቸው። “ታዲያ ሁሉም አስቀድሞ ከተቆጠረ ምኑን ተወዳደራችሁት?” አሉ።

ይህን ጥያቄ ቢሰሙ ደስ የሚላቸው አንዲት ሴትዮ ጀልባችን ላይ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። አንገታቸው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለች ቀጭን መጽሐፍ ያንጠለጥላሉ። ውስጧ 13 ካርታ አለ፦ ባሕሩ ሞልቶ የሚቆምበት ሰዓት አንድ፣ ከዚያ በፊት ላሉት ስድስት ሰዓታት ስድስት፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት። እያንዳንዱ ካርታ ውሃው በዚያ ሰዓት የት በምን ፍጥነት እንደሚሄድ በቀስት ያሳያል። ከውድድሩ በፊት በየገጹ ላይ የዕለቱን ሰዓት በእርሳስ ይጽፉበታል። መጽሐፏን ማንም ሱቅ ገብቶ ይገዛታል። እሳቸው ግን መጽሐፏን አያምኑም ነበር። “ያንን ምልክት እየው፣ አረፋው በየት በኩል ነው?” ይሉኛል። የቆመ ምልክት ውሃ ሲያልፈው ከኋላው ጭራ ይሠራል። ጭራው ረጅም ከሆነ ውሃው ፈጣን ነው። መልሕቋን ጥላ የቆመች ጀልባም አፍንጫዋ ወዴት እንደዞረ ታይቶ ይታወቃል። የኔታ፣ ውድድሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ካርታው በሰዓት አንዴ ይናገራል፣ ውሃው ግን በየመቶ ሜትሩ ጠባዩ ሌላ ነው።

ጥልቀት በሌለበት ቦታ መሬቱ ውሃውን ያዝ ስለሚያደርገው ይዘገያል። ስለዚህ ውሃው ሲቃወምህ ወደ ዳር ትጠጋለህ፣ ሲያግዝህ ወደ ጥልቁ ትወጣለህ። ሲገለበጥም ቀድሞ የሚዞረው ዳር ዳሩ ነው። ይህን ሁሉም ተወዳዳሪ ያውቃል፤ ጣጣውም እሱ ነው። ሙላቱ ወደ ምሥራቅ እየመጣ እኛ ወደ ምዕራብ ንፋስ ላይ የምንወጣ ከሆነ (ጀልባ ፊት ለፊት ንፋስ ላይ መሄድ ስለማትችል ግራና ቀኝ እየዞርን ነው የምንወጣው)፣ ያ ሁሉ ጀልባ ደሴቷ ዳር ባለች ቀጭን የውሃ መንገድ ላይ ይጨናነቃል።

እዚያ ላይ ነው ሰው የሚለየው። የጀልባችን የብረት ኪል፣ ከሆዷ ሥር የተተከለው ክንፍ፣ ከውሃው በታች ሁለት ሜትር ይወርዳል። ሴትዮዋ ጥልቀት መለኪያው ላይ ዓይናቸውን ተክለው ይቆጥራሉ፦ “ሦስት ተኩል... ሦስት... ሁለት ከሰባ...” መሪውን የያዘው ሰውዬ ቀና ብሎ አያይም፣ ድምፃቸውን ብቻ ይሰማል። ባሕሩ ዳር የቆሙ ሰዎችን የጫማ ቀለም መለየት ትጀምራለህ። “ሁለት ከአርባ!” ሲሉ “ዙር!” ይላል። እንሮጣለን።

ዞረን ስንወጣ ደግሞ ሌላ መዓት አለ። ንፋሱ በቀኝ ጎኗ የሚመጣባት ጀልባ ቅድሚያ አላት። ወደ ዳር የሚመጡት ሁሉ ንፋሱ በቀኛቸው ነው፤ ከዳር የምንወጣው እኛ በግራችን። እንግዲህ ከመሬት ሸሽተን ስንወጣ ቅድሚያ ያላቸው ሁሉ ፊት ለፊት ይመጡብናል ማለት ነው። ወይ በኋላቸው ታልፋለህ፣ ወይ እንደገና ወደ ዳር ትዞራለህ። አብራህ ወደ ዳር የምትሄድ ጀልባ ከላይህ፣ በንፋሱ መምጫ በኩል ሆና መዞሪያ ከነሳችህ ግን ሕጉ ለአንተ ነው። “ለመዞር ቦታ!” ብለህ ትጮሃለህ፤ ትዞርልሃለች፣ ወይም “አንተ ዙር” ብላ ከመንገድህ ትርቃለች። ጮክ ብሎ መጥራት የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ቆይቶ ለእኔ ተሰጠኝ። ለቅሶ ቤት ያደገ ድምፅ የት ይሄዳል!

በነገራችን ላይ መሃል ባሕሩም ሁሉ ጥልቅ አይደለም። ብራምብል የሚሉት የአሸዋ ደለል አለ፤ ጉድለቱ በጣም ሲበረታ ከውሃው ብቅ ይላል። እንግሊዞች በዓመት አንዴ እዚያ ላይ ወጥተው ክሪኬት ይጫወቱበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኩዊን ኤልሳቤጥ 2 የምትባለው ግዙፍ መርከብ ሳውዝሃምፕተንን ልትሰናበት ስትመጣ እዚሁ ደለል ላይ ተቀርቅራለች። እኛም ስናልፈው ቀልድ እናቆማለን።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ንፋስ የሞተበት አንድ ምሽት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ንፋሱ ልምሾ ሆነ። ጀልባዋ ውሃውን እየቆረጠች 1 ኖት ተኩል ትሄዳለች፣ ሸራው ሞልቷል፣ ከጎኗ ፍልቅልቅ የሚል ድምፅ አለ። የምንሄድ ነው የሚመስለው። ሴትዮዋ ግን ጂፒኤሱን አይተው “ወደ ኋላ እየሄድን ነው” አሉ። ውሃው 2 ኖት ነበር። ለመሪው በጆሮው ነገሩት። እሱም አልጮኸም። ሁለት ሰው ልኮ ትንሿን መልሕቅ ሌሎቹ በማያዩት ጎን ቀስ ብለው እንዲያወርዷት አደረገ። ብረት ከብረት እንዳይነካ ገመዷን በእጃቸው ነው ያወረዷት። ሸራው እንደተሰቀለ ነው። እኛ ጠርዝ ላይ ያለነው ፊታችንን ኮስተር አድርገን፣ በሥራ ላይ እንዳለ ሰው ወደ ፊት እያየን።

መልሕቁ ያዘ። ቆምን። ከዚያ ያ ሁሉ ጀልባ በአጠገባችን ወደ ኋላ ማለፍ ጀመረ! ሸራቸውን እያስተካከሉ፣ ገመድ እየሳቡ፣ ላባቸው ጠብ እስኪል እየሠሩ ወደ ኋላ። አንዱ ጀልባ ላይ ያለ ወጣት እኛን አይቶ “እነዚህ ንፋስ ከየት አገኙ?” ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መልሕቅ መጣል በሕጉ ይፈቀዳል፤ መልሶ ማንሳት ብቻ ነው ግዴታው። ነቅተው የእነሱን መልሕቅ እስኪጥሉ ድረስ እኛ ጥሩ አድርገን ቀድመናል።

ጀልባችን ላይ ክርክርም አይጠፋም ነበር። አንዱ ሸራ የሚስብ ልጅ፣ አፍንጫዋን ትንሽ አዙረን ውሃው በታችኛው ጎኗ እንዲገፋን ካደረግን ወደ ንፋሱ ያወጣናል ባይ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ያምናል። ሴትዮዋ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፦ ውሃው ሁላችንንም እኩል ይዞ ይሄዳል፤ ጀልባዋ መሬቱን አታውቀውም። ጥቅም የሚገኘው ውሃው ከቦታ ቦታ ወይም ከሰዓት ሰዓት ሲለያይ ብቻ ነው። እኔ ከሴትዮዋ ጋር ነኝ። ልጁ ግን እስካሁን አላመነም፤ በስልክ ስንገናኝ አሁንም ያነሳብኛል።

ጣና ላይ እንዲህ ያለ ሙላትና ጉድለት የለም፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት በከንቱ ነው ትሉኝ ይሆናል። የእህቴ ልጅ ግን ጉድ አፍልቷል። ጎርጎራ ወርዶ የደንገል ታንኳ ላይ ሸራ ሊሰቅል ነው። ታንኳ ኪል የላትም፣ ንፋሱ ወደነፈሰበት ተንሸራታ ትሄዳለች እንጂ ንፋስ ላይ አትወጣም አልኩት። መሄዱንስ ሄድክ፣ በምን ልትመለስ ነው?

“በቀርቀሃ እየቀዘፍኩ ነዋ፣ ጋሼ!” አለኝ።